የሦስት ሰው ፓስወርድ

ደገፉ ኤርካሎ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበረው፤ ሁለቱንም አያምናቸውም።

አንደኛው ቦጋለ ነው። አባቱ ከሰሜን በሹመት መጥቶ ሶዶ የቀረ ሰው ነበር፤ ቦጋለ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ ወላይትኛውን ከደገፉ እኩል የሚያቀላጥፍ፣ ሳቁ መናኸሪያ ድረስ የሚሰማ ነጋዴ ነው። ሁለተኛዋ አባይነሽ ናት፤ የሟች ባሏን ድርሻ ይዛ የገባች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት። ሦስቱ በሽርክና የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ከቤሌና ከሃላሌ ሳይቀር ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚገዛው ከእነሱ ነው። ሱቁ ሲከፈት ሦስቱም መኖር አለባቸው፤ ሲዘጋም እንደዚሁ። ይህን ደንብ ያወጣው ደገፉ ነው፤ ሌሎቹ ትከሻቸውን ነቅንቀው ተቀበሉት።

ለምን ትጠረጥራቸዋለህ ቢባል የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አስተማሪ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ፈተና ሲፈትን ስለኖረ፣ አንገቱን ያዞረ ሰው ሁሉ ሊኮርጅ ይመስለዋል። ፈጠነች የምትባለው ሚስቱ ከሞተች፣ ልጆቹም በየከተማው ከተበተኑ ወዲህ ደግሞ ይህ ሽርክና ቢፈርስ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት የለውም። ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ሱቁን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ ችግሩ የሚጠብቀው ከገዛ ባለቤቶቹ መሆኑ ነው።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት ከግብር ቢሮ አንድ ወጣት መጣባቸው። ቢፒአር ከሚሉት የአሠራር ለውጥ ሥልጠና ገና መመለሱ ስለነበር «ቅልጥፍና» የምትለው ቃል ከአፉ አትጠፋም። ይህን የሚያህል ሱቅ በካርቦን ደረሰኝ ብቻ ሊቀጥል አይችልም፣ ሂሳባችሁን በኮምፒውተር ያዙ ብሎ አፋጠጣቸው። ቦጋለ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ። ደገፉም የተገዛበትን ደረሰኝ ገልብጦ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ መረመረው። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ማሠልጠኛ ደግሞ ኪሩቤል የሚባል ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ ሊያስተምራቸው ይመላለስ ጀመር።

ኪሩቤል ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ከፍቶ ከሥሩ አስረዳቸው። ማንኛውም ነገር ሁለት ቦታ ይመዘገባል፤ በአንድ በኩል ዴቢት ከገባ በሌላ በኩል ያው መጠን ክሬዲት ይገባል።

«ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ማሽኑ አልመዘግብም ይላል» አለ።

«እምቢ ይላል?» አለ ደገፉ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ። «ማንም ቢለምነው?»

«ማንም ቢለምነው ጋሼ።»

ደገፉ ማሽኑን የወደደው በዚያች ደቂቃ ነው። ሶዶ ውስጥ እንደ እሱ ሰው የማያምን ፍጡር አግኝቶ አያውቅም ነበር።

የፓስወርድ ነገር ሲነሳ ግን ነገር መጣ። ኪሩቤል ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መግቢያ ሊሠራላቸው ፈልጎ ነበር።

«ታዲያ አንዱ ብቻውን ሊገባ ነዋ!» ብሎ ደገፉ ተነሳ። «አይሆንም። አንድ ፓስወርድ ይሁንና ለሦስት ይከፈል። መጀመሪያውን እኔ፣ መካከለኛውን ቦጋለ፣ መጨረሻውን አባይነሽ። አንዱ የሌላውን አያውቅም።»

ኪሩቤል ሳቀ። ሌላ የሚስቅ ሰው እንደሌለ ሲያይ ሳቁን ዋጠው። አባይነሽ ቦጋለን አየችው፤ ቦጋለ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ተቀምጦ ድርሻውን ሲጽፍ፣ ሁለቱ ፊታቸውን ወደተደረደረው ቆርቆሮ አዙረው ይቆማሉ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይኸው ሥርዓት ይደገማል። አንድ ቀን ከሁምቦ የመጣ ገዢ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ቢያገኝ፣ ጸሎት ላይ ናቸው ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ አብሯቸው ቆመ።

ደገፉ ግን ይህም አላሳረፈውም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ኮከብ ብቻ ነው፤ ከኮከቡ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ቦጋለና አባይነሽ ቢነጋገሩስ? ደግሞ ሁለቱ ሲያወሩ እሱ ሲገባ ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሲሳሳቁ ደርሶባቸዋል። የሚስቁበትን ቢጠይቅ ቦጋለ «ባንተ ነው» ብሎ እንደ ቀልድ መለሰለት፤ ደገፉም በቀልድ መልክ እውነቱን ተናገረ ብሎ ሲያላምጠው ሰነበተ።

ስለዚህ መላ ዘየደ። ማንም ሳያየው ሄዶ ማሠልጠኛው ገባና ከኮሌጅ ልጃገረዶች መካከል ተቀመጠ።

«ጋሽ ደገፉ፣ ሱቅ የማስተምርዎት አልበቃዎትም?» አለው ኪሩቤል።

«መድገም አይከፋም» አለ፣ ዓይኑን ከኪቦርዱ ሳያነሳ።

የመጣው ግን ለሂሳቡ አልነበረም። እያንዳንዱ ፊደል ኪቦርዱ ላይ የት እንዳለ ሳያይ ማወቅ ፈልጎ ነው። ሱቅ ውስጥ ፊቱን የሚያዞርበት አዲስ ቆርቆሮ የሰው ጥላ ያሳያል፤ የቦጋለ ክርን ወደ ግራ ሲሄድ፣ ወደ ቀኝ ሲመለስ ይታያል። ከክርኑ ተነስቶ ፊደሉን ሊደርስበት ነው ሐሳቡ። የጣቱንም ኳኳታ ይቆጥራል፤ ቦጋለ ስድስት ጊዜ ይመታል፣ አባይነሽ አራት። በዚህ መሀል ሳይታወቀው ሽያጭ መመዝገብ፣ ግዢ ማስገባት፣ ሂሳብ ማስታረቅ ለመደ። ኪሩቤል ለልጃገረዶቹ «እሳቸውን እዩ» ማለት ጀመረ። ደገፉ በዚህ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ልጁ ምን ፈልጎ ነው የሚያሞካሸኝ ብሎ ጠረጠረ።

የወሩ ሪፖርት ለግብር ቢሮ በሚገባበት ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። አባይነሽ ባንክ ሄዳለች፤ ቦጋለ ከጓሮ ሲሚንቶ ያስወርዳል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ፓስወርድ እየጠየቀ ነው። ደገፉ ግራ ቀኙን አየና ቁጭ አለ። የራሱን ድርሻ ጻፈ፤ ከዚያ በአባይነሽ ቦታ የመጣለትን አራት ፊደል እየጨመረ የቦጋለን መገመት ያዘ። የሰውዬውን የልጅ ልጅ ስም ሞከረ፣ የሚያከብረውን ታቦት ሞከረ፣ የአይሱዙውን ታርጋ ሞከረ። የጓሮው በር ሲንቋቋ ደንግጦ ሲነሳ መዳፉ ኪቦርዱ ላይ አረፈ። ቦጋለ ሲገባ እሱ ሚስማር ሲመዝን ተገኘ።

አባይነሽ ከባንክ እንደተመለሰች ሦስቱም እንደ ደንቡ ተራቸውን ጠብቀው ጻፉ። ማሽኑ እምቢ አለ። ደገሙት። አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው ቦጋለ ላቡን ጠረገና ለኪሩቤል ስልክ ደወለ።

ለደገፉ ነገሩ ግልጽ ነበር። ይኸው፣ የፈራው ደረሰ! ሪፖርቱ በሚገባበት ቀን ነው የቆለፉበት። ነገ ቅጣት ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሽርክናው ይፍረስ ይባላል፣ ሱቁ ለሁለቱ ይቀራል።

«ቀይረኸዋል» አለ ጣቱን ወደ ቦጋለ ቀስሮ።

«ምኑን?»

«ድርሻህን! ሁልጊዜ ስድስት ጊዜ ነው የምትመታው። ዛሬ አምስት ነው የመታኸው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ደገፉ ምን እንደተናገረ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

«ትቆጥራለህ?» አለ ቦጋለ። ያ ትልቅ ድምፁ የት እንደገባ አልታወቀም። «እኔ ፊቴን አዙሬ ስቆም የማስበው ዛሬ ምሳ የት እንብላ እያልኩ ነው። አንተ የኔን ጣት ትቆጥራለህ?»

«ታ ኢሻው» አለችው አባይነሽ ቦጋለን በቀስታ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ተወው፣ አሁን ይቅር።»

«አይቀርም! ስሜ ነው! በእንግሊዝኛ ፊደል ቦጋለ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ልጅ እንኳ ይገምተዋል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ደገፉ የልጅ ልጅ፣ ታቦት፣ ታርጋ ሲል፣ የሰውዬውን የራሱን ስም አላሰበውም ነበር።

«የኔም ከአንድ እስከ አራት ያለው ቁጥር ነው» አለች አባይነሽ። «ሌላ ቢሆን እረሳዋለሁ ብዬ።»

ሁለቱም አዩት። ተራው የእሱ ነው። ደገፉ ወደ ሚዛኑ ዞሮ ሚስማሩን እንደገና መመዘን ጀመረ። የሚጽፈውን እንኳን ለእነሱ፣ ለልጆቹም ነግሮ አያውቅም።

በዚህ መሀል ኪሩቤል እያለከለከ ገባ። ኪቦርዱን አንድ ጊዜ አየና ሳቀ።

«ካፕስ ሎክ እኮ ነው! ይቺ መብራት ስትበራ ፊደሉ ሁሉ ትልቅ ይሆናል፤ ፓስወርዱ ደግሞ በትንሹ ነው። የሆነ ሰው ሳያውቅ ነክቷት ነው።» አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ መብራቷ ጠፋች። «ማን ነበር እዚህ የተቀመጠው?»

የደገፉ ፊት በርበሬ መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ያኔ አባይነሽ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ማንንም ፊታችሁን አዙሩ ሳትል፣ አንድ በአንድ እየፈለገች፣ ሁሉም እያዩ ጻፈች። ፈ-ጠ-ነ-ች። ቦጋለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ማሽኑ ተከፈተ።

ደገፉ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ።

«ከየት አወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለች። «ስትጽፍ እኮ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራህ ነው። ክፍል ውስጥ እንደምታስጠና ሁሉ። ሱቁ ሙሉ ይሰማል፤ ቦጋለም ይሰማል።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ትቀይረዋለህ። ሚስትህን ትተህ ሌላ ስም ከምትጽፍ ዝም ብንል ይሻላል ተባባልን።»

ደገፉ ሐሳቡ ወደ ኋላ ሄደ። ሚያዝያ ላይ ወባ ጥሎት ሳምንት ሙሉ ተኝቶ ነበር። ያን ሳምንት ሱቁን ሁለቱ ብቻ እንዲከፍቱ በግድ ፈቅዶላቸው ነበር። ሲመለስ ማሽኑ ሳይከፈት፣ የሳምንቱ ደረሰኝ ተከምሮ ነው የጠበቀው። ያን ጊዜ በልቡ ስቆ ነበር፤ አየህ፣ ያለ እኔ መግባት አይችሉም፣ ጥሩ አድርጌ ነው የቆለፍኳቸው ብሎ።

«ሚያዝያ ላይም ... ታውቁት ነበር?» አለ።

«እናውቀው ነበር» አለ ቦጋለ። «እስክትመጣ እየጠበቅንህ ነበር።»

ኪሩቤል ነገሩ ስላልገባው ፓስወርዱን ልቀይርላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቦጋለ አቧራውን ከሱሪው አራግፎ ወደ በሩ ሄደ። ውጪ ሃላሌ የሚሄድ ቆርቆሮ የሚጭን ሰው ይጠራዋል። ደገፉ ይቅርታ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ነገ ትመጣለህ?» አለው።

ቦጋለ በሩ ላይ ቆሞ ዞር ብሎ አየው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔ መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?» አለና ወጣ።

ደገፉ ነገሩን ቢያገላብጠው፣ ቦጋለ የቀረበት አንድም ቀን አላገኘም።