ዘይኑልአቢዲን የማያውቀው መንገድ

«ይኼን መዞሪያ ጣልያን በድማሚት ነው የፈለጠው» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ አንገቱን ድምፁን ወደሚቀዳው ስልክ አስግጎ። «ድንጋዩን የተሸከሙት ግን ያገራችን ሰዎች ናቸው። ካባቴ የሰማሁት ነው። እኔ ስቀጠር አስፋልቱ ተቦርቡሮ ነበር። ሠላሳ አንድ ክረምት ናዳውን በዶዘር የጠረግሁ እኔ ነኝ። ይኼ ጋራ የኔን እጅ ያውቃል።»

ሉብና ሐይቅ ከተማ ታሪክ የምታስተምር ወጣት ናት። ከሐይቅ ወደ አምባሰል የሚያሻግረውን የጋራ መንገድ ታሪክ ለተማሪዎቿ ልታሰባስብ በጠዋት ሚኒባስ መጥታለች። ዘይኑልአቢዲን እንደምትመጣ ከሰማ ጀምሮ ሲዘጋጅ ነው የሰነበተው፤ ጢሙን ተስተካክሎ፣ የጡረታው ቀን የለበሰውን ኮት ለብሶ ነው የጠበቃት።

እሱ ውሃ ሊጎነጭ ዝም ሲል ሉብና ምስር ወደምትለቅመው ሚስቱ ዞረች። «እትዬ ሙጂባ፣ ጦርነቱ ሲመጣ እዚሁ ነበሩ?»

«ነበርሁ። ግን እኔ ስለ መንገድ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ከአስፋልቱ ወጥተን የሄድንበትን ነው።»

«እሱን ይንገሩኝ።»

ሙጂባ ሰፌዱን አስቀመጠች። ጥቅምት ነበር፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት። ባሏ የዶዘር መለዋወጫ ሊያመጣ ደሴ እንደወረደ መንገዱ ተዘጋ። መድፉ ቀረበ። ልጇ ባድሩ ርቆ ስለሚኖር ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና መራመድ ያቃታት አማቷ ብቻ ነበሩ።

«ሙላት መጣ» አለች። «ከታች ያለው ጎረቤታችን፣ የመንገድ ሠራተኛው። ‹በአስፋልቱ ከሄዳችሁ ታልቃላችሁ› አለን። አማቴን በጋቢው አዘላት። በገደሉ ሥር ለሥር ሁለት ቀን ሄድን። እኔ ሳለቅስ ‹አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ደርሰናል› ይላል፤ ገና ምኑም አልተደረሰ። እሷን ላለመጣል ቁልቁለቱን በጉልበቱ የወረደበት ቦታ አለ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር እህቴ ቤት ሲያደርሰን ጉልበቱ ተገሽልጦ አጥንቱ ይታይ ነበር። ውሃ ጠጥቶ ወዲያው ወደ ልጆቹ ተመለሰ።»

ድምጿ ተለውጦ ነበር። ዘይኑልአቢዲን አያት። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ስለ ባሏ ስታወራ ፊቷ እንዲህ ሲበራ አይቶ አያውቅም። ሙላት! አካፋ አያያዝ ያስተማረው እሱ ራሱ ዘይኑልአቢዲን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሙላት ግን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቢፎክርበት ኖሮ ይጠላውና ይገላገል ነበር። ዝም ማለቱ ነው ያንገበገበው።

«ያ መንገድ አይደለም» አለ በድንገት። «የፍየል መሄጃ ነው። ታሪክ ውስጥ አይገባም።»

ሙጂባ ቀና ብላ አየችውና ሰፌዷን አነሳች። ምስሩን ታንገዋልል ጀመር። እሱ ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ የባድሩ አባት? ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ዶዘሩ ተቃጥሏል ወይ ብለህ ነው።»

እውነቷን ነው። «እናቴስ? እሷስ ለምን አልነገረችኝም?»

«እሷማ ነግራሃለች። እስክትሞት ድረስ ዱአ ስታደርግ ሙላትን ትጠራ የለ?»

«ለጉርብትናው መስሎኝ።»

«ካንተ አስቀድማ ነበር የምትጠራው።»

«ከኔ አስቀድማ?»

«ወላሂ፣ ካንተ አስቀድማ።»

ከወለደችው ልጅ አስቀድማ። ይኼኛው ከሚስቱ ፊት መፍካት ይልቅ ጠልቆ ገባው። እሱ ደሴ መለዋወጫ ታቅፎ ‹መንገዱ ይከፈት ይሆን?› እያለ ሲጠይቅ እናቱ የሌላ ሰው ጀርባ ላይ ነበረች።

ሉብና በሁለቱ መሐል መቀመጧ ጨንቋት ስልኩን አነሳች። «ጋሽ ዘይኑ፣ ካልፈለጉ የእትዬ ሙጂባን ላጥፋው?»

አጥፊው ሊላት አፉን ከፈተ። ቢጠፋ ማንም አይሰማውም ነበር፤ የጋራው ታሪክ በጣልያን ጀምሮ በእሱ ያልቅ ነበር።

«አታጥፊው» አለ። «የሙላትንም ስም ካባቱ ስም ጋር ጻፊ።»

ከዚያ ተነሣና ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው። «ተነሽ ሙጂባ። ጉልበቱ የተላጠበትን ቦታ አሳዪኝ።»

«አሁን? በዚህ ፀሐይ?»

«አሁን።»

ሦስቱም ወጡ። ዘይኑልአቢዲን እንደ ልማዱ ቀድሞ አስፋልቱን ይዞ ሽቅብ ሄደ። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እርምጃው ውስጥም ነበር።

«በዚያ አይደለም» አለች ሙጂባ ከኋላው። ከመንገዱ ጠርዝ፣ ቁጥቋጦው ሥር ቆማለች።

ቆመ። ቁልቁል ተመለሰና አጠገቧ ሲደርስ መንገዱን ለቀቀላት። እሷ ቀድማ ወረደች፤ እሱም እግሯ የረገጠበትን እያየ ከኋላዋ ተከተለ።