በሙሉ ድምፅ

ወለተሥላሴ በእንሰቱ መካከል በምታልፈው ቀጭን መንገድ እየሮጠች ስትመጣ፣ አየለች ልትረግማት የመጣች መስሏት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ብትረግማትም አትፈርድባትም ነበር። የወለተሥላሴን የበኩር ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና መልምሎ የላከው የአየለች ባል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሀብቴ ነው። ልጁ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ምንጭ ላይ ሲገናኙ እንኳ አንዷ ቀድታ እስክትሄድ ሌላዋ ፊቷን አዙራ ትቆም ነበር።

ወለተሥላሴ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ደረቷን እየደቃች ነው የገባችው።

«ማቴዎስ! ሳቂታው! የእኔስ ልጅ አልነበርክም ወይ!»

በማቴዎስ እናት በአየለች ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ተያይዘው መሬት ላይ ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ሰው ጎረፈ። አየለች ጠዋት ስትነሣ ከዘመድ በቀር እግሩን የሚያነሣ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ግቢው ውስጥ የተጣለው የእድር ሸራ ሞልቶ ወንዶቹ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዶዮገና ገበያ ሳይቀር ወሬውን ሰምተው የመጡ ነበሩ። ሬሳ የለም። በሬሳው ፈንታ መደቡ ላይ የማቴዎስ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ተዘርግቷል፤ ሴቶቹ በየተራ እያነሡ ወደ ላይ ይዘው ያለቅሳሉ።

ሲመሻሽ አየለች አንድ ነገር ልብ አለች። ወለተሥላሴ «ማቴዎስ» ብላ ትጀምርና መሃል ላይ የራሷን ልጅ ስም ትጠራለች። ከጎኗ ያለችውም እንዲሁ፤ ከእሷ ወዲያ ያለችውም እንዲሁ። በቀበሌው ልጅ ያልዘመተበት ቤት ጥቂት ነው፤ መርዶ የደረሰው ቤት ግን ከዚህ በቀር አንድም የለም። መንግሥት ስለ ሞተ ልጅ አይናገርም፤ ያልተረዱትን ሰው ማልቀስ ደግሞ ሟርት ነው። እናቶቹ ለካ የሚያለቅሱበት ቤት ሲፈልጉ ኖረዋል።

የማቴዎስን መርዶ ያመጣው ሳህሉ የሚባል የሾኔ ልጅ ነው። የግራ እጁ ከክርኑ በላይ ተቆርጦ፣ ከሆስፒታል ተሰናብቶ አገሩ ሲገባ፣ ቃል አለብኝ ብሎ በእግሩ ተራራውን ወጥቶ መጣ። ሀብቴ ጓሮ እንሰት ሲኮተኩት ነው ያገኘው። አየለች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

«ሽሬ ላይ አንድ ምሽግ ውስጥ ነበርን አባባ» አለ ሳህሉ። «አልተሠቃየም። ወዲያው ነው ያረፈው።»

ሀብቴ መቆፈሪያውን ተደገፈ። «ቀበራችሁት?»

«አልቻልንም። እየሸሸን ነበር።»

«ሬዲዮው እኮ ስለ ሽሬ ምንም አላለም።»

ሳህሉ ባዶ እጅጌውን ተመለከተ።

ሀብቴ ሬዲዮ የሚያምን ሰው ነበር። እንዲሁ ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሬዲዮው አንድ ጊዜ እውነት ነግሮታል። በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲናገር፣ ሀብቴና አየለች ከሚያመርቱት ግማሹን ለባላባቱ የሚያስረክቡ ጭሰኞች ነበሩ። ሀብቴ የሰማውን ለአባቱ ሲነግራቸው ሽማግሌው «ሰክረሃል» አሉት። ክረምቱ ሳይወጣ ባላባቱ በበቅሎ ወደ ሆሳዕና ወርደው በዚያው ቀሩ፤ መሬቱም ሀብቴ እጅ ላይ ቀረ።

በዚያው ዓመት ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ የማኅበሩን ሊቀ መንበር መረጠ። ዘማች ተማሪዎች «ሴቶችም ይመርጣሉ» ሲሉ ወንዶቹ ሳቁ። አየለች አልሳቀችም። ገና ልጅ የነበረው ማቴዎስ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። የሀብቴ ስም ሲጠራ እጇን አወጣች። የሚቆጥረው ተማሪ እየተሳሳተ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመረ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ክንዷ ሲዝል በሌላው እጇ ደገፈችው እንጂ አላወረደችም። ብታወርደው መሬቱ ተመልሶ የሚሄድ መስሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ እጅ ያልወጣበት ዓመት የለም። የእህል ኮታ ሲመጣ እጅ ወጣ። ቤታችሁን አፍርሳችሁ ወደ አዲሱ መንደር ግቡ፣ እንሰታችሁን እዚያ እንደገና ትከሉ ሲባል እጅ ወጣ። ኢሠፓ ተመሥርቶ ሀብቴ አባል ሲሆንም ወጣ። ያኔ ግን የሚቆጥር ሰው አልነበረም።

*

በማግስቱ ከሚሲዮኑ የመጡት ቄስ ጸሎት አድርሰው ከሄዱ በኋላ፣ ወንዶቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። አየለች ከጀርባቸው ሆና ትሰማለች።

«ሽሬ በወንበዴዎቹ ከተያዘ ትግራይ ከመንግሥት እጅ ወጣች ማለት ነው» አለ አንዱ።

«ዝም በል፤ ጆሮ አለ።»

«የማን ጆሮ? ሊቀ መንበሩ ራሱ እዚህ እያለቀሰ።»

«እነዚህን የመንግሥት ሰዎች እኛው ነን ያመጣናቸው» አለ ሽብሩ፣ የወለተሥላሴ ባል። «ለእነሱ ብዬ የዘፈንኩት ትዝ ሲለኝ አፌን መምታት ያሰኘኛል።»

«ታዲያ ወንበዴዎቹ ሲመጡ ይሻላሉ ብለህ ነው?»

ሽብሩ የያዘውን ንፍሮ ወደ ሰሃኑ መለሰ። «እንጃ። ከእንግዲህ ማንም ይሻላል ብዬ አላምን።»

ሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ወሬው የማቴዎስ ነበር። ማቴዎስ ሰው አስመስሎ ማሳየት ያውቅ ነበር። የሰበካውን ቄስ፣ የሆሳዕናውን የሒሳብ አስተማሪ፣ ከሁሉ በላይ ካድሬዎቹን። ሰኔ ሰባ ዘጠኝ ለሸንጎ ምርጫ ሲሰለፉ መምረጥ ከሚገባው ዕድሜ ደርሶ ነበርና ከእናቱ ጋር ሄደ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ዕጩዎች ነበሩ። ማንኛቸውንም የመንደሩ ሰው አያውቃቸውም፤ ሦስቱንም ያመጣቸው ፓርቲው ነው። አየለች አንዱ ላይ ምልክት አድርጋ ስትወጣ «የቱን መረጥሽ?» አላት።

«የመጀመሪያውን። አንተስ?»

«እኔማ ሦስቱንም እንዳይከፋቸው እኩል መረጥኳቸው።»

ማታ ቤት ገብቶ የአባቱን ካፖርት ደረበና ሆዱን ነፍቶ መደቡ ላይ ወጣ። «ጓዶች! ሰፊው ሕዝብ የማያውቀኝን እኔን፣ ከማያውቀው ጓዴ አብልጦ ስለመረጠኝ...» አየለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሀብቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። አልተቆጣም። ካፖርቱን ከልጁ ትከሻ ላይ አነሣና «እኔ ጭሰኛ ነበርኩ» ብሎ ብቻ ወጣ። ማቴዎስ ከዚያ ወዲህ አባቱ ቤት ካለ ማንንም አስመስሎ አልተጫወተም።

ይህን አንዷ ጀምራ ሌላዋ ስትጨርሰው ሴቶቹ ድንገት ሳቁ። ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

አየለች ግን በልቧ አምና ታኅሣሥ ላይ ወደ ተደረገው ስብሰባ ሄዳለች። የወታደር ኮታ ጎድሎ ነበር። ሽብሩ ተነሥቶ፣ «የእኔ ልጅ ሄዷል። የሊቀ መንበሩ ልጅ ሆሳዕና ትምህርት ቤት ተደብቆ እስከ መቼ ነው?» አለ። ሀብቴ በማግስቱ ሆሳዕና ወረደና ልጁን ከተከራየበት ቤት ይዞት መጣ። አየለች እግሩ ላይ ወደቀች።

«የሰው ልጅ እየሰጠሁ የራሴን ብደብቅ ከባላባቱ በምን እለያለሁ?» አላት።

«አትለይ! ምን አለበት፣ አትለይ!»

«እኔን ሲመርጡኝ እንድለይ ብለው ነው።»

ማቴዎስ መኪናው ላይ ሲወጣ ሊያስቃት ፈልጎ ሆዱን ነፋ። አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለባሏ ቆጮውን ቆርሳ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ ቃል ግን አውጥታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የፓርቲው መኪና መጣ። ከአውራጃው የተላከው ጓድ ጥላዬ ባርኔጣውን አውልቆ ለሕዝቡ አንገቱን ሰበር አደረገና ሀብቴን ወደ አጥሩ ጥግ ጠራው። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም አየለች ትሰማለች።

«ጓድ ሀብቴ፣ ይህ ነገር ከእርስዎ አይጠበቅም። ከመከላከያ የመጣ ማስረጃ የለም። አንድ ቁስለኛ ባወራው ወሬ ድንኳን ይጣላል?»

«ልጄ ሞቷል።»

«ሞቷል ያለ የለም። ሕዝቡን እያሸበራችሁ ነው። እስከ ነገ ለቅሶው ይነሣ።»

ሀብቴ ግቢውን፣ ሴቶቹን፣ ሽብሩን ተራ በተራ አየ። አየለች የጠበቀችው «እሺ ጓድ» እንዲል ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ያለው እሱን ነው።

«ሳስረክባችሁ ማስረጃ አልጠየቃችሁኝም» አለ። «ልጄ ነው ስላችሁ አምናችሁ ወሰዳችሁት። አሁንም ሞቷል ስል እመኑኝ። ለቅሶው አይነሣም።»

ጥላዬ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

*

በሠልስቱ ጠዋት የስብሰባ ደወል ተደወለ። ከደወሉ በኋላ ጥበቃዎቹ ቤት ለቤት፣ ኋላም ለቅሶ ቤቱ ድረስ መጥተው ሴት ወንድ ሳይቀር አዳራሽ እንዲገባ ነገሩ። አየለች ማቅ እንደለበሰች ሄዳ ከኋላ ከወለተሥላሴ ጎን ተቀመጠች። ሀብቴ ዛሬ ከመድረኩ ላይ አልነበረም፤ ራሱን ተላጭቶ ከሰዉ መሃል ተቀምጧል።

ጥላዬ ብዙ አልተናገረም። «ጓድ ሀብቴ መሪር ኃዘን ላይ ስለሆኑ፣ ፓርቲው ከኃላፊነት እንዲያርፉ ወስኗል» አለ። አየለች ጆሮዋን ተጠራጠረች። ትናንት ሞት የለም ያለው ሰው ነው። «በምትካቸው ጓድ ሽብሩ በዕጩነት ቀርበዋል።»

ሽብሩ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ አለ። «እኔ አልችልም ጌታዬ። ልጄ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፣ ሐሳቤ ሁሉ...»

«የሚመርጥህ ሕዝቡ ነው፤ ተቀመጥ። የሚደግፍ እጅ ያውጣ!»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከፊት አንድ እጅ ወጣ፤ አጠገቡ ያለው ተከተለ፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ መጣ። ጠዋት ከአየለች ጋር ሲያለቅሱ የነበሩት ናቸው። የሽብሩን መመረጥ የሚጠላ የለም፤ የሚወደውም የለም። እጃቸውን ያወጡት ቶሎ ወደ ቤታቸው ለመሄድ ነው። ወለተሥላሴ አየለችን በጎን አየቻትና አንገቷን ደፍታ እጇን እስከ ትከሻዋ ድረስ አነሣች። ከዚያ በላይ አልወጣም፤ ቢሆንም ወጥቷል።

ሀብቴም አወጣ። የእሱ ክንድ ቀጥ ብሎ ከሁሉም በላይ ይታይ ነበር።

አየለች እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደያዘች ተቀመጠች። «አንቺስ?» ቢላት የምትለውን በሆዷ አዘጋጅታለች፤ ከስልሳ ሰባት ጀምራ ሁሉንም ልትነግረው ነው። የጥላዬ ዓይን ከኋላ ያሉትን ሴቶች ጠረግ አድርጎ አለፈ።

«በሙሉ ድምፅ!» አለ። ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያባራ ለአዲሱ ሊቀ መንበር የመጀመሪያ ሥራው ተነገረው። የአዲስ ምልምሎች ኮታ መጥቷል፤ ከአምናው ይበልጣል፤ ከፋሲካ በፊት መሟላት አለበት። ሽብሩ መድረኩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። ወለተሥላሴ ሁለተኛ ልጇ ለውትድርና ዕድሜ ስንት ዓመት እንደቀረው በጣቷ መቁጠር ጀምራ አቆመች። አየለች ያን አይታ፣ ከመጣው ሰው ሁሉ ይልቅ ለእሷ አለቀሰች።

*

ወደ ማታ ሽብሩ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ለቅሶ ቤት መጣ። የቀረው ሰው ትንሽ ነው፤ ሌላው ስብሰባው ሲያልቅ በዚያው ወደየቤቱ ሄዷል። ሽብሩ ሀብቴ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ብዙ አለቀሰ።

«ጋሼ ሀብቴ» አለ በመጨረሻ፣ «ሸራው ዛሬ ይነሣ ብለዋል። ካልተነሣ ቤቱን እናሽጋለን ብለዋል። እኔ ምን ላድርግ?»

«አውቃለሁ» አለ ሀብቴ። «እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አስነሣ ነበር።»

ማንንም ሳይጠብቅ ተነሥቶ የሸራውን ገመድ ይፈታ ጀመር። ጥበቃዎቹ ሊረዱት ሲጠጉ በእጁ ከለከላቸው። የከሰዓቱ ዝናብ ያራሰው ሸራ ከእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ብቻውን ሊያጥፈው ሞከረ፤ ከበደው፤ አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው ጭቃ ይነካል።

አየለች ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። ማዶ ያለውን ጫፍ አንሥታ ወጠረችው። አጠፉት። አንድ እርምጃ ተጠጉ፤ ደግመው አጠፉት። ስትደርስበት የያዘችውን ጫፍ በጣቶቹ ላይ አኖረችለትና ለቀቀች። ሀብቴ የታጠፈውን ሸራ በሁለት ክንዱ አቅፎ ቆመ።

«አምጣው ጋሼ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት እኔ ላድርሰው» አለ ሽብሩ፣ እጁን ዘርግቶ።

ሀብቴ አልሰጠውም። የሸራው ውኃ በደረቱ ላይ ይወርዳል። ሽብሩ ሸራውን በቀስታ ያዝ አድርጎ ሳብ አደረገ። ሀብቴ ይበልጥ ወደ ደረቱ አስጠጋው፤ አገጩን ላዩ ላይ አሳረፈ።

«ተወው ሽብሩ» አለች አየለች። «ትንሽ ይያዘው።»