ጉልበቱ የነጣ ሱሪ

«ይኸኛውም ጉልበቱ ነጥቷል» አለች ይመኙሽ፣ ሱሪውን ከልብሱ ክምር መዝዛ ወደ ብርሃን እያነሣች።

ሣልስቱ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ የሟቹን የግንበኛውን የዕንባቆምን ልብስ ልታጥብ ሳፋ ይዛ ተቀምጣለች። ይመኙሽ ሸጋ ጎረቤት ናት፤ ብቻ እጇ ሲያጥብ ዓይኗ ይመረምራል።

«ኖራ ይሆናላ» አለች ባለቤቱ እታገኘሁ።

«ኖራ ከየት መጥቶ? መሣሪያውን ከቆለፍሽበት ዓመት ሊሞላው አይደል? ይኼ ተንበርክኮ የዋለ ሰው ሱሪ ነው።»

እታገኘሁ ከማተቧ ጋር ያሰረችውን ቁልፍ ዳሰሰች። ሐኪሙ «ልብህ ደክሟል፣ ድንጋይ እንዳትነካ» ካለው ጀምሮ መዶሻውም ቱንቢውም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ዓርብ ዓርብ እየወጣ፣ ጉልበቱ ነጥቶ የሚመለሰው ከየት ነበር? ይመኙሽ አንድ ዓርብ በጎረቤታቸው በሐጂ ኑርሁሴን የሥራ ግቢ በር ስታልፍ፣ ቧንቧው ሥር እጁንና እግሩን ሲታጠብ አይታዋለች። ይህን የነገረችው ለእታገኘሁ ብቻ ነው፤ ለእታገኘሁና ለሰፈሩ።

ነገሩ የጀመረው አምና ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ሲመለስ ነው። የወለቃው ቤተ እስራኤል አብሮ አደጉ ኢታማር፣ እስራኤል ከገባ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። እሱ ነው «ግንበኛ ሆኖ ይኼን ሳያይ የሚመለስ የለም» ብሎ ወደሚኖርባት ወደ አካ ከተማ ይዞት የሄደው። ያሳየውም በቱርኮች ዘመን የተሠራ መስጊድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ጎልጎታ ሲጠይቀው ዕንባቆም ስለ መስጊዱ ይመልስ ጀመር።

«ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ እንደኛው ቤተ ክርስቲያን» አላት በመጣ ዕለት፣ እራቱን ትቶ። «ቀና ስል ነጠላዬ ከትከሻዬ ወደቀ። ያን የሚያህል ጉልላት፣ ከመሀሉ አንድ ምሰሶ የለም። እኛ አራት ማዕዘኑን መቅደስ በክብ ውስጥ እንከታለን፤ እነሱ ክቡን በአራት ማዕዘን ላይ ይጭኑታል። ማዕዘኑ ላይ ግድግዳው ቀስ እያለ እንደ መዳፍ ይጎብጥና ክቡን ይቀበለዋል። የቱ ጋ መጉበጥ እንደሚጀምር አጥቼው ቆሜ ቀረሁ።» ሊያሳያት ሳህኑን በአራት ጣቶቹ ላይ ገለበጠው። ሽሮው ውስጡ መሆኑን ረስቶ ነበር።

«ምነው አያ፣ ኢየሩሳሌም ልኬህ መስጊድ ተሳልመህ መጣህ?» ብላው ሁለቱም ሳቁ።

አሁን ያ ሳቅ ይቆረቁራታል። ቅዳሜ ጠዋት ዕንባቆም ከእንቅልፉ ሳይነቃ ቀረ። በዚያው ቀን ቀብሩ ላይ ሐጂ ኑርሁሴን ጠጋ ብለው «ትናንት ምንም አልነገረሽም?» አሏት። እሑድ ደግሞ የንስሐ አባታቸው ቄስ ሐብተ ማርያም፣ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ዓርብ ዓርብ የት ነበር የሚውለው?» ሲሉ ጠየቋት። «እንጃ አባ» አለች። በቁርባን የተጋባችው ሰው ነው። አርባውን ስታወጣ በፍትሐቱ የክርስትና ስሙ ይጠራል፤ የዚያ ስም ባለቤት ልቡ መስጊድ ኖሮ ቢሆንስ?

በአጥሩ በኩል ድምፅ ተሰማ። ሐጂ ናቸው። ሁለት ልጆቻቸው በሸራ የተሸፈነ ነገር በባሬላ ተሸክመው ይከተሏቸዋል። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ የሚቆረጥም ሁሉ ማኘክ አቆመ።

«አላህ ያጥናሽ። ሳልጨርሰው እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኝ ነበር» ብለው ሸራውን ገለጡት።

አራት ማዕዘን ግድግዳ፣ በላዩ ክብ ጉልላት። ከእንስራ አይበልጥም። ከእንቁላል ባነሱ ጠጠሮችና በኖራ የተገነባ ነው፤ ጫፉ ላይ የአንድ ጠጠር ቦታ ክፍት ቀርቷል።

«ዓርብ ልጆቼ ሥራ ስለማይገቡ ግቢው ባዶ ነው። ተንበርክኮ ይህን ሲገነባ ይውላል። አምስት ጊዜ ፈረሰበት።»

«ሲታጠብ ያየሁትስ?» አለች ይመኙሽ።

«ኖራ እኮ ቆዳ ይበላል፣ ልጄ።»

«አብሯችሁ...» እታገኘሁ መጨረስ አቃታት።

ሐጂ ገባቸው። «እሱ? ዓርብ ጾም ነው እያለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሻዬን እንኳ አልቀመሰልኝም።»

ይመኙሽ ዓይኗን ወደ ሳፋው መለሰች። እታገኘሁ ግን ሐጂን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ድንጋይ እንዳይነካ መከልከሉንስ ያውቁ ነበር?»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። «ጠጠር ነው፣ ጠጠር ምን ያደርገዋል ብዬ...»

እታገኘሁ ባሬላው አጠገብ ቁጢጥ አለች፤ በትንሿ በር እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ውስጡን ዳበሰች። ማዕዘኑ ጋ ጣቷ አንድ ጎድጎድ ያለ ነገር አገኘ፤ ኖራው ሳይደርቅ የታተመ የአውራ ጣት ምልክት ነበር። እዚያው ላይ ቆየች።

«እውነትም ምሰሶ የለውም» አለች።

ተነሥታ ወደ ሳፋው ሄደች። ይመኙሽ ሱሪውን ውሃ ልታስነካው ስትል ከእጇ ተቀበለቻት፤ ነጩ እንዳይራገፍ ጉልበቱን ወደ ውስጥ አጠፈችው። ቤት ገብታ ቁልፉን ከማተቧ ፈታች፤ ሣጥኑን ከፍታ ሱሪውን ከመዶሻው ጎን አኖረችው።

ሣጥኑን መልሳ አልቆለፈችውም።