ያልተሟሟቀው ክንድ

መርፌው ለሙከራ በተቀመጠው ድንች ላይ ከተነቆጠችው ቀይ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ቆመ። ቴክኒሻኑ አርሜል ቪያል የማሽኑን የብረት ክንድ መልሶ ሞከረው። ያው ነው። ትናንት ማታ አሥር ጊዜ ሞክሮ አሥሩንም ጊዜ ነጥቧን ወግቷት ነበር።

ታማሚዋ ማዳም ፔሪኔል ራሳቸው በብረት ቀለበት ተጠፍሮ፣ እንደነቁ አልጋው ላይ ይጠብቃሉ። ክንዱ አንጎላቸው ውስጥ እጢው ያለበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ዶክተር ሮሻ በዚያው ይበሳሉ። በዚህ ሆስፒታል ማሽን የሰው ራስ ላይ ሲሞከር የመጀመሪያው ነው። ሁለት ሚሊሜትር ከሳተ የሴትየዋ አንደበት ሊዘጋ ይችላል።

አርሜል ገመዱን ነካ፣ ብሎኑን ነካ፣ ተመልሶ ገመዱን ነካ።

«ኮምፒዩተሩ ምን ይላል?» አሉ ዶክተሩ።

«ልክ ነው ይላል።»

«ታዲያ ምጥ እንደያዛት ድመት ምን ያዞርሃል?»

«ድንቹ ልክ አይደለም ይላላ፣ ዶክተር።»

«ስማ ወንድሜ፣ በአራት ሰዓት ክፍሉን የአጥንት ሐኪሞቹ ይረከቡናል። ዛሬ ካልሠራን ዳይሬክተሩ ይህን ክንድ ወደ መጣበት ፋብሪካ ነው የሚመልሰው።»

ፋብሪካ ሲሉት አርሜል ቀጥ አለ። ወደዚህ ግሬኖብል ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት ዘጠኝ ዓመት መኪና ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ክንዶችን ይጠግን ነበር። እዚያ ሁልጊዜ ጠዋት፣ የመጀመሪያው መኪና ሳይደርስ፣ በብርድ ያደረው ቅባት እስኪላላ ክንዶቹ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ይወዛወዛሉ። እዚህ ግን ነርሶቹ ጫጫታ ስለማይወዱ ማንም አላወዛወዘውም፤ ክፍሉም እንደ ምድር ቤት ይበርዳል። ትናንት ማታ ያልሳተው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ስለዋለ ነው።

«ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አለ። «ብርድ ነው የያዘው።»

«ጉንፋን ነው በለኛ! ሾርባ ይምጣለት?»

ነርሶቹ ሳቁ። የአርሜል ፊት ቀላ፤ እጁን ግን ከመቆጣጠሪያው አላነሳም። «ሳይሟሟቅ እሳቸውን አላስነካውም።»

«ዶክተር» አሉ ማዳም ፔሪኔል፣ «ጭንቅላቱ የማን ነው? እኔ የዓርብ ዓሣ ለመግዛት እንኳ ከዚህ የበለጠ እሰለፋለሁ። ይተዉት፣ ይሥራ።»

ክንዱ ባዶ አየር ላይ ይወዛወዝ ጀመር። በአሥር ደቂቃ ስህተቱ ወደ አንድ ሚሊሜትር ወረደ። በሃያ ደቂቃ ግማሽ ሆነ። ድንቹ ወንፊት መሰለ። ግማሽ ሰዓቱ አልፎ ዶክተሩ ሰዓታቸውን ሲያዩ መርፌው ነጥቧን ወጋ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ወጋት።

«በቃ?» አሉ ዶክተሩ። አሁን አልቀለዱም።

«በቃ።»

ክንዱ ማዳም ፔሪኔል ራስ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ሲበሳ እንዳይነቃነቅ የክንዱ ኤሌክትሪክ መቋረጥ ስላለበት አርሜል ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለ። መሬት ላይ ሊጥለው አላስቻለውም፤ እንደጨበጠው ቆመ። መሰርሰሪያው ጮኸ፣ ዝም አለ። ዶክተሩ ከእጢው ምስር የምታህል ቁራጭ ሥጋ አወጡ።

«ማዳም፣ ስምዎን ይንገሩኝ።»

አርሜል ስፒናውን ጨመቀው።

«ጠዋቱን ሙሉ አብረን ውለን ስሜ ጠፋዎት?» አሉ ማዳም ፔሪኔል።

አንዲት ነርስ ስፒናውን ልትቀበለው መጣች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት።