የእታገኝ እግርና የይስማው ፍላሽ

«ከጓዳ እስከ ደጅ አንዴ ሄዳ ትመለስልን። ሌላ ምንም አልፈለግንም» አሉ አያ ሰጠኝ።

የልጅቷ አባት አቶ ቅጣው እንግዶቹ ውኃ የጠማቸው መሰላቸው። ወደ ጓዳ ዞረው እታገኝ ማሰሮውን ይዛ እንድትወጣ አዘዙ። አያ ሰጠኝ ግን እጃቸውን አንስተው፣ ማሰሮ ከያዘች አረማመዷ በደንብ አይለይም፣ ባዶ እጇን ብትሆን ይሻላል አሉ። ለአቶ ቅጣው ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው።

አያ ሰጠኝና ሁለቱ ባልንጀሮቻቸው ከፃግብጂ ሰቆጣ ድረስ በእግራቸው የመጡ የእጮኛው ወገን ሽማግሌዎች ናቸው። እጮኛው አንዷለም ባሕር ዳር ለመምህርነት የሚማር ልጅ ነው። የእታገኝ ፎቶ ለእሱ እንዲላክ በዘመዶቹ በኩል ተሰጥቶ ነበር፤ ግን ዘመድ ዘመድ ነውና፣ አጎት አየው፣ አክስት አየችው፣ የአክስት ጎረቤትም ሳያየው አልቀረም። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር መሄዱን ትቶ በአያ ሰጠኝ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ሰቆጣ ተመለሰ።

ሽማግሌው ቋጠሮውን ፈትተው ፎቶውን መደቡ ላይ አኖሩት። ከወገብ በላይ እታገኝ ፍክት ብላለች፤ ሹሩባዋ ይቆጠራል፣ የማተቧ ክር ሳይቀር ይታያል። ከወገብ በታች ግን ቀሚሱ ጥላሸት ውስጥ የተነከረ ይመስላል። እግር የሚባል ነገር በፎቶው ላይ የለም።

«የሚደበቅ ነገር ካለ ዛሬ ይነገረን» አሉ አያ ሰጠኝ። «አውቀን እንግባበት ብለን ነው እንጂ ለክፉ አይደለም።»

ይህን ጊዜ ይስማው ከጎረቤት ተጠርቶ መጣ። ፎቶውን ያነሳው እሱ ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጠና ጥፋቱ የፍላሹ እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ፎቶው የተነሳው ቀን ነው ወይስ ማታ ብለው ጠየቁት። ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አለ ይስማው። ታዲያ በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ሊሠራ፣ አሉት። ሰፈሩም ይህንኑ ሲለው ነው የኖረው፤ በቀትር ኩራዝ የሚያበራ ሰው ብለን ስም አውጥተንለታል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሰው እንዳይሰማቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ተንሾካሾኩ። ኽምጣና የማይሰማ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

አቶ ቅጣው ተነሱ። «ልጄ የገበያ በቅሎ አይደለችም። እየተራመደች አትታይም» አሉ።

አያ ሰጠኝም አልተቆጡም። እስከ ሳምንቱ ገበያ ድረስ እግሯ የሚታይ ፎቶ ከመጣ ቃላችን ቃል ነው፣ ካልመጣ ግን የሰጠነውን ቃል ይዘን እንመለሳለን ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ይስማው ሊወጣ ሲል እታገኝ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ጠራችው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች። ለጋብቻው እሺ ያለችው ባሕር ዳር ወስዶ ያስተምርሻል ተብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ስለተገባላት ነው። ይህ ነገር ከፈረሰ አባቷ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ውል እንደማይገቡ ታውቃለች።

«ጋሼ ይስማው፣ እግሬን የት ነው የጣልክብኝ?» አለችው።

ይስማው ሳያድር ያንኑ ከሰዓት ቴሌ ሄዶ ተሰለፈ። ወልድያ ፊልም የሚያጥብለት ተስፋው የሚባል ባለሙያ አለ፤ ደወለለትና የደረሰበትን ሁሉ ነገረው። ልጅቷን ፀሐይ ፊት ቢያቆማት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ዕውር ናት ይሏታል፤ ስለዚህ ፀሐዩን ከጀርባዋ አድርጎ ፊቷን በፍላሽ አበራ። ጥላ ሥር እንዳያነሳት ደግሞ አቶ ቅጣው አዲሱ የቆርቆሮ ጣሪያ ከኋላዋ ይታይ ብለዋል። ቆርቆሮው በቀትር እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ፣ ፎቶው እንዳይነጣበት የካሜራውን ፍጥነት እስከ ጫፍ ድረስ አዞረው።

ተስፋው ወዲያው ገባው። ካሜራው ውስጥ ሁለት መጋረጃ አለ አለው፤ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ እየተከተለ ይዘጋል። ሲፈጥን የታችኛው ወገን ሳይከፈት የላይኛው መዘጋት ይጀምራል። ፍላሹ ደግሞ አንዴ ብልጭ ብሎ ያበቃል፤ ያገኘውን ያበራል፣ ያላገኘውን ይተዋል። መፍትሔው መጋረጃው አልፎ እስኪያበቃ ድረስ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ ፍላሽ ነው።

«ያ መንገድ ቀያሹ ሲሄድ ካሜራውን ሲሰጥህ አብሮ የሰጠህ ፍላሽ የት አለ?»

ያ ፍላሽ ቁልፉ ስለበዛበት ለትልቅ ቀን ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ካኖረው ሁለት ዓመቱ ነው። እታገኝን ያነሳት በአሮጌው ነው።

ተስፋው በመብረቁ ምልክት አጠገብ ያለችውን «ኤች» የምትል ቁልፍ ተጫን አለው። ግን ሲርገበገብ የብርሃኑ ጉልበት ይደክማል፣ ከልጅቷ ሦስት ክንድ ቢርቅ ነው። አንተ ራቅ ብለህ እንድትቆም ፍላሹን ከካሜራው የሚያገናኝ ገመድ በነገው አውቶቡስ እልክልሃለሁ፣ የሚይዝልህ ሰው ብቻ ፈልግ።

ሰው መፈለጉ ነው ያስቸገረው። የእታገኝ እናት ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ የታጨች ልጅ አጠገብ ባዕድ ወንድ ሦስት ክንድ ላይ ቆሞ ሲያበራባት አላይም አሉ። ወንድሞቿ አበርገሌ ከብት ይዘው ወርደዋል። አባትየው ደግሞ ቆርቆሮው ሙሉ ለሙሉ መታየቱን ከይስማው ጀርባ ሆነው መቆጣጠር አለባቸው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ራሳቸው እንዳይዙት፣ ዕቃው መብረቅ ነው፣ እኔ ገና የማሳድጋቸው አሉኝ አሉ። ያለ ሐሜት ከልጅቷ አጠገብ መቆም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ የቤቱ የነፍስ አባት መምሬ ገብረ ጻድቅ።

መምሬ ፍላሹን አገላብጠው አዩት።

«ያቃጥላል?»

«አያቃጥልም፣ አባ።»

«ያሳውራል?»

«አያሳውርም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ፊት ያበራል።»

«እሱን እኔም በዚህ ደብር ሠላሳ ዓመት ሞክሬዋለሁ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ እንደ ጋለ ድስት ይዘው ተቀበሉት።

ገመዱ በደረሰ ማግስት ቀትር ላይ ወይዘሮ ወለተ ሐና በገዛ ክንዳቸው ለኩ፤ ከልጃቸው እስከ መምሬ ሦስት፣ ከልጃቸው እስከ ይስማው አሥር። እታገኝ ጣቷ እንዲታይ ክፍት ጫማ አድርጋ ቆመች፣ ይህም የእናቷ ብልሃት ነው። በመጀመሪያው ብልጭታ መምሬ አማተቡና ፍላሹ ሰማዩን አበራ። በሁለተኛው ዓይናቸውን ስለጨፈኑ ቆርቆሮውን አበሩት፤ አቶ ቅጣው አልተከፉም። ከሦስተኛው በኋላ እጃቸው ጸና። ይስማው አሥራ አንድ ጊዜ ካነሳ በኋላ በቃ ሲል፣ መምሬ አንድ እንድገም አሉት።

ፊልሙ በአውቶቡስ ወልድያ ሄዶ፣ በገበያው ቀን ጧት በአውቶቡስ ተመለሰ። ይስማው ፖስታውን ከሾፌሩ እጅ ተቀብሎ እዚያው ጎማው አጠገብ ቀደደው። አየና ወደ አቶ ቅጣው ቤት ሲሄድ አልሮጠም፤ ካንገቱ ቀና ብሎ በገበያው መሐል ነው ያለፈው።

አያ ሰጠኝና ባልንጀሮቻቸው ከመምሬ ጋር ቀድመው ተቀምጠው ጠበቁት። ፎቶውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። እታገኝ ከሹሩባዋ እስከ ጫማዋ ድረስ ሙሉ ናት። ከኋላዋ ቆርቆሮው ከነምስማሩ ይታያል። ሦስቱም በየተራ ጣቶቿን ቆጠሩ፤ ሦስቱም አሥር አገኙ። ከዚያ አያ ሰጠኝ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

ፀሐዩ ከጀርባዋ ነው አሉ። ጥላዋ ወደፊት ወድቋል። ገበሬ ነኝ፣ የፀሐይን ወገን አልስትም። ፀሐይ ያልደረሰበትን ፊት ታዲያ ምን አበራው?

ይስማው ስለ መጋረጃውና ስለ ቁልፏ ሊያስረዳ ጉሮሮውን ጠረገ። መምሬ ገብረ ጻድቅ ቀደሙት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተራ በተራ ቀርበው መስቀል ተሳለሙ፣ ሁለተኛም ስለ ብርሃኑ የጠየቀ የለም። አያ ሰጠኝ ተመልሰው ሲቀመጡ ቃላቸው እንደጸና፣ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ እንደሚሆን፣ ትምህርቷንም እንደምትቀጥል ለአቶ ቅጣው በመምሬ ፊት ደግመው አረጋገጡ። አቶ ቅጣውም ስለ ቆርቆሮው ምን እንዳሰቡ ጠየቁ። ጥሩ ቆርቆሮ ነው ተባለ።

ነገሩ በደስታ ስላለቀ፣ አያ ሰጠኝ ከኮታቸው ኪስ አንዲት ጉርድ ፎቶ አውጥተው ለእታገኝ ትሰጥልኝ አሉ። የአንዷለም ናት፤ ለኮሌጁ መታወቂያ የተነሳት፣ ከረባት ያሰረባት። ወይዘሮ ወለተ ሐና እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እታገኝ ከጓዳ ወጥታ ፎቶዋን በሁለት እጇ ተቀበለች። ብዙ ጊዜ አየቻት። ገልብጣ ጀርባዋንም አየች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

«መልኩስ ደግ ነው፣ አያ ሰጠኝ» አለች። «ይህን ከደረቱ በታች ያለውን ግን ማን አየልን?»