ቢያዝንን ያሯሯጠው ጉማሬ

የቢያዝን ሆድ ከባለቤቱ ቀድሞ ሥራ ይገባል ስል ውሸት የሚመስለው ካለ፣ የፋብሪካውን ዘበኛ ይጠይቅ። ዘበኛው በበሩ ብቅ ያለውን ሆድ አይቶ «እንደምን አደሩ፣ ሚስትዎ ደኅና፣ ልጆች ደኅና» ብሎ ሲጨርስ ነው ሰውየው ራሱ የሚደርሰው።

አንድ ቀን ቢያዝን ደሙን ተመረመረ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና፣ «አቶ ቢያዝን፣ ስኳር ደጅዎ ላይ ቆሟል፤ ገና አልገባም። ምግብዎን ቀነስ፣ እግርዎን ፈታ ካደረጉ ሊመለስ ይችላል» አለችው።

ቢያዝን ይህን እንግዳ ያውቀዋል። የአባቱን እግር ከቁርጭምጭሚት በላይ የወሰደው እሱ ነው። ለሚስቱ ለወለላ ነገራት፤ ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ሰፈሩ የሚያውቀው ሲያወራ ሲያስቅ ነው። ታምሜያለሁ ካለ ከንፈር ሊመጠጥለት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሞት ይሻለዋል።

እናም ከሥራ መልስ በጣና ዳር የእግር ጉዞ ጀመረ። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ ያለጉዳይ ቀስ እያለ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ምሳውን ያልበላ ሰው ነው።

«ቢያዝን! እንዲህ በባዶ ሆድ ወዴት?» ይላል ሙሀመድሰዒድ ከጨርቅ ሱቁ ደጃፍ። ሻይ ይቀርባል፤ ማንኪያ ቢተክሉበት የማይወድቅ፣ ስኳር ያወፈረው ሻይ። ከዚያ ሲያመልጥ እትዬ አገርነሽ እጅ ይወድቃል። እትዬ አገርነሽ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠብሳሉ፤ ዘይታቸው የተትረፈረፈ ነው።

«በሞቴ!» ይላሉ ጉርሻ ጠቅልለው።

«እትዬ፣ ጠግቤያለሁ።»

«አፈር ስሆን! አንድ ጉርሻ ያጣላል። እንካ ሁለተኛዋን!»

እንዲህ እየተጓዘ አንድ ወር ሞላው። ቀበቶው ግን እንኳን ሊላላ፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይም አልደርስ አለ። ወለላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ የሄድኸው የእግር ጉዞ ነው ተዝካር?»

«ምን ላድርግ ወለላዬ? በሞቴ እያሉ እኮ ነው።»

«በሞታቸው የሚምሉት እነሱ፣ የምትሞተው አንተ!» አለች። ልትስቅ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ቀደማት። «የአባትህን ቁስል ስጠርግ የኖርሁት እኔ ነኝ። ያንተን አላደርገውም፤ አልችልም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ግን አንድ ብልሃት መጣለት፤ የሚሄድ ሰው ከተጋበዘ፣ የሚሮጥ ሰው አይጋበዝም።

ከሥራ ሲወጣ ጫማውን አጥብቆ አሰረና ሩጫውን ለቀቀው። የሙሀመድሰዒድን ሱቅ አለፈ። እትዬ አገርነሽ ግን ጉርሻቸውን እንደያዙ መንገዱ መሀል ተገተሩ።

«ምነው ልጄ! ምን መጣብህ?»

ቢያዝን ትንፋሽ የለውም። ስኳር እንዳይል አፈረ። ከአፉ የወጣው አንዲት ቃል ናት፤

«ጉማሬ!»

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ከተማ ውስጥ ይህች ቃል ቀልድ አይደለችም። እትዬ አገርነሽ ነጠላቸውን ጥለው ጉርሻቸውን ይዘው ሮጡ። ሙሀመድሰዒድ ለደንበኛው ጨርቅ እየለካ ነበር፤ እሱ ባንድ ጫፍ፣ ደንበኛው በሌላው ጫፍ፣ ጣቃው መሀላቸው እየተተረተረ ነጎዱ። ሽማግሌ ከዘራውን ተሸክሞ ሮጠ። ከሐሙሲት የመጣ አውቶቡስ ሰው ሳያወርድ ወደ ሐሙሲት ተመለሰ ይላሉ፤ ለዚህኛው እንኳ አልምልም።

ሁሉም መንገዱ ጥግ ደርሰው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ። ዞረው ቢያዩ አስፋልቱ ባዶ ነው።

«ጉማሬው የታለ?» አለ ሙሀመድሰዒድ።

ቢያዝን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ።

«አንተ ቀጣፊ!» አሉ እትዬ አገርነሽ ደረታቸውን ይዘው። «ነፍሴን ልታወጣት ነበር እኮ! ምን አደረግሁህ?»

ቢያዝን ለዚህ ጥያቄ ሌላ ወሬ አያጣም ነበር፤ ጉማሬውን ወደ ሐይቁ መልሶ፣ ግልገሉንም አስከትሎ ያስገባው ነበር። ግን የወለላ ዓይን ትዝ አለው።

«ምንም አላደረጉኝም እትዬ። ስኳር ደጄ ላይ ቆሟል። አባቴን የቆረጠው ስኳር። የእርስዎን እጅ እምቢ ማለት ቢያቅተኝ ሮጥሁ።»

ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። እትዬ አገርነሽ መዳፋቸው ውስጥ የተጨፈለቀውን ጉርሻ አዩት።

«እኔ በሞቴ ስልህ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለካ በሞትህ ኖሯል።» ጉርሻውን ለሚጠብቀው ውሻ ወረወሩለትና የቢያዝንን ጀርባ በጥፊ አሉት። «ለውሸት ሲሆን እንደ ጢስ ዓባይ ትፈሳለህ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር አፍ የለህም?»

በዚህ መሀል ሙሀመድሰዒድ ሣቁ አመለጠው። «ወላሂ፣ እኔ እግሬ የሞተ መስሎኝ ነበር! ነገም ጉማሬ ይውጣ!»

ወጣ። ፍርዱን የሰጡት እትዬ አገርነሽ ናቸው፦ ጉማሬው ቢያዝን ራሱ ይሁን፤ እሱ የነካው ሰው በተራው ጉማሬ ይሆናል። ልጅ ሆነው የተዉትን አባሮሽ ሽበት ካወጡ በኋላ ጀመሩት። በመጀመሪያው ሰሞን ቢያዝን ኤሊ ላይ እንኳ አይደርስም ነበር፤ ጉማሬ ሆኖ ውሎ ጉማሬ ሆኖ ይገባል። ወለላ እንኳ ልታይ መጥታ ጫማዋን አውልቃ ገባችበት። ሙሀመድሰዒድ ሻዩን ያለ ስኳር ያቀርብለት ጀመር። ከጨዋታው በኋላ እትዬ አገርነሽ ፍም ላይ የበሰለ ዓሣ ከጎመን ጋር ያቀርቡለታል፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ስበው፣

«በሞቴ፣ ይበቃሃል!» ይላሉ።

ጥቂት ወራት አልፈው ቢያዝን ዳግመኛ ተመረመረ። እትዬ አገርነሽ ገበያቸውን ትተው የጤና ጣቢያው በር ላይ ይጠብቁት ነበር።

«ምን አሉህ?»

«ፈቀቅ ብሏል አሉኝ። ጨርሶ ግን አልሄደም።»

እትዬ አገርነሽ ፊታቸውን አማተቡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩና አንድ እርምጃ ጠጋ አሉት።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ዛሬ ጉማሬዋ እኔ ነኝ፤ ሩጥ!»