መሰላሉን የያዝሁት እኔ ነኝ

ቢሆነኝ ወግ ሲጀምር የኔ ሻይ ይቀዘቅዛል። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እሱን ያያል፣ እኔ ደግሞ ሰዉን እያየሁ እበግናለሁ። አዎ፣ እቀናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከማን ልደብቅ?

እሱ ከፍላቂት፣ እኔ ከሙጃ ወጥተን አየር ኃይል ገባን። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የተዋጊ ጄት መካኒኮች ሆነን ጎን ለጎን ሠርተናል። እያንዳንዱ መካኒክ የራሱ አውሮፕላን፣ የራሱ መሰላል ነበረው። አብራሪው ሲወጣ መሰላሉን የሚይዝለት፣ ቀበቶውን የሚያጠብቅለት፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን የመሣሪያውን መቆለፊያ ፒን ነቅሎ የሚያሳየው ያው መካኒኩ ነው። ከዚያ መሰላሉን ይዞ ይጠብቃል። አውሮፕላኑ ሳይመለስ መሰላል ወደ መጋዘን አይገባም፣ ክፉ ምልኪ ነው ይባል ነበር። የሰው መሰላል መንካትማ ጭራሽ አይታሰብም።

የቢሆነኝ አውሮፕላን ሁልጊዜ ተመለሰች። የኔ አንድ ቀን ከመቶ አለቃ ሙሉሃብት ጋር ወጥታ ቀረች። ተመትታ ስትወድቅ በሌላ አውሮፕላን አብሮት የወጣው አብራሪ በዓይኑ አይቷል፣ በኔ ያሳበበ ማንም የለም። ግን ሰው ወግ ሲሰማ የሚወደው መመለሱን ነው። ቢሆነኝ አብራሪው ከመሰላሉ ወርዶ እንዴት አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ሲያወራ፣ እዚህ ላሊበላ የምንውልበት የሂንድ ሻይ ቤት በሳቅ ይሞላል። እኔ ምን ልበል? ቆምሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ይኼ ደግሞ ወግ ይባላል?

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ሂንድ ዘንድ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም መምጣቷ ነው፣ የዋሻው ጠበል ያንጠባጠበባት ነጠላዋ ገና አልደረቀም። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችን።

«ማኅሌት ሙሉሃብት እባላለሁ» አለች። «ቢሾፍቱ ያሉ የአባቴ ጓደኞች፣ ላሊበላ ሁለት የጄት መካኒኮች አሉ፣ የመጨረሻ ቀን የሸኘው ከሁለቱ አንዱ ነው ብለውኝ ነው። እሱ ሲሞት እኔ በእናቴ ሆድ ነበርኩ። የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ያየው ሰው ይንገረኝ።»

ሙሉሃብትን ቁርጥ፣ ግንባሯም አገጯም። አፌን ልከፍት ስል ቢሆነኝ ወንበር ስቦላታል።

«ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ። አባትሽማ አንበሳ ነበር። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረና፣ ‹ቢሆነኝ፣ ብመለስም ባልመለስም አገሬ ትኑር። የሚወለደውን ልጄን ለአገሬ አደራ ሰጥቻለሁ› አለኝ። ይኸው ነው የመጨረሻ ቃሉ።»

ማኅሌት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሂንድ እንኳ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰው» እያለች ዓይኗን ጠረገች።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ዕድሜ ልኩን በመመለስ ሲኩራራ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ የኔን መቅረት ወሰደብኝ። እኔ ያለችኝ ያቺው ቀን ነበረች። ዝም ብል ያ ቀን ለዘላለም የቢሆነኝ ሆኖ ሊቀር ነው። ብናገር ደግሞ ያን ያማረ ቃል ከልጅቱ እጅ ልነጥቅ ነው። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን ቅናት ይሉኝታ የለውም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ቢሆነኝ» አልሁት። «መሰላሉን የያዝሁት እኔ ነኝ።»

ቢሆነኝ አቀረቀረ። ማኅሌት ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«እርስዎ ነዎት? ታዲያ አባቴ ምን አለዎት?»

«ስለ አገር አልተናገረም ልጄ። ቀበቶውን አጥብቄለት ሁለት እጁ ሥራ ላይ ሳለ፣ ‹አረጋ፣ አፍንጫዬን በላኝ፣ እስቲ እከክልኝ› አለኝ። አከክሁለት። ‹ወደ ግራ› አለኝ። ወደ ግራ አከክሁለት። ‹ተባረክ› ብሎ ጭንብሉን ገጠመ። ፒኑን አሳየሁት፣ አውራ ጣቱን አነሳልኝ፣ ሄደ። ይኸው ነው።»

ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ ሳበች። አጠፋሁ፣ ልጅቱን ባዶ እጇን ልሰዳት ነው ብዬ ደነገጥሁ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ለካስ እየሳቀች ነው። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ» አለች፣ «አፍንጫው የሚበላው አይመስልም። በየትኛው ጣትዎ ነው ያከኩለት?»

ሌባ ጣቴን አሳየኋት። እጄን ሳብ አድርጋ ጣቴን ሳመችው። እኔ ቢሆነኝን አየሁት፣ ማየቱን ላረጋግጥ። አይቷል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

መኪናዋ ስትነሳ ሸኝተናት ተመለስን። ቢሆነኝ ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሻዩን አልነካም።

«ልጅ መጣችልህ» አለኝ።

«ምን ለማለት ነው?»

«የኔው አብራሪ ተመለሰ፣ አቀፈኝ፣ ወደ ቤቱ ገባ። አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ። ልጆቹ ስሜን አያውቁትም። የተመለሰን ሰው ሸኚ ማን ይፈልጋል? እሷ በር ላይ የሙሉሃብትን ስም ስትጠራ ቀናሁብህ፣ አረጋ። ቀናሁና አፌ አመለጠኝ።»

የእጅህን አገኘህ ልለው ነበር። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ሙሉሃብት የቀረ ዕለት ድሬዳዋ ላይ ነዳጁ የሚያልቅበት ሰዓት አልፎ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲበተን፣ እኔ መሰላሉን አቅፌ ፀሐይ ላይ ቀረሁ። አለቃዬ ግባ ቢለኝ እምቢ አልሁ። ቢሆነኝ የራሱን አውሮፕላን ተቀብሎ ጨርሶ መጣ። የሰው መሰላል አይነካም፣ ያውቃል። የታችኛውን ጫፍ ያዘልኝ። አንዲት ቃል ሳይናገር፣ ያ ወሬኛ፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ አብሮኝ ቆመ። ሲጨልም ሁለታችን ተሸክመን አስገባነው።

ይህን ለልጅቱ አልነገርኋትም። ያ ቀን ሙሉውን የኔ እንዲሆን ፈለግሁ። ለፋሲካ እመለሳለሁ ብላለች። ልንገራት አልንገራት፣ እንጃ።